ዘር ከመቁጠር ዘር መቋጠር

በዚህ አገር እንደ «ዘር» የተደከመበት ቃል የለም። ፓርላማው ስለ ዘር ይከራከራል፣ ማኅበራዊ ሚዲያው ስለ ዘር ይሰዳደባል፣ ወጣቱ በዘር ይገዳደላል። ማን ከማን እንደተወለደ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሞልቷል። ሌላው ዘር ግን ቆጣሪ የለውም። በላስታ ደጋ በጨርቅ ተቋጥሮ ከግድግዳ የተንጠለጠለው፣ በቅል ታሽጎ ከምድጃው በላይ የተቀመጠው የጎመን፣ የዱባ፣ የፌጦና የድንብላል ዘር ሲጠፋ ዜና አይሆንም፤ ሪፖርት አይጻፍበትም፤ አልቃሽም የለው።

ክርክሩ አጭር ነው። የራሱ ዘር የሌለው ጓሮ የቤተሰብ ሀብት አይባልም፤ በየዓመቱ የሚታደስ ልመና ነው። መንግሥትም ረድኤት ድርጅትም «እያንዳንዱ ቤት ጓሮ ይኑረው» ሲሉ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ጓሮ እያስፋፉ ዘሩን ከሴቶቹ እጅ ወደ ፓኬት ካሸጋገሩት፣ የተስፋፋው ጥገኝነት እንጂ ጓሮ አይደለም።

ጓሮው የማን ነው?

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከበላይዋ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከበታችዋ መሬቱ ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርዳል። እግረኛ በአንድ ቀን መንገድ ከማሽላ አገር ተነስቶ በጤፍ አድርጎ ገብስና ባቄላ አገር ይደርሳል። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ «ለወረዳው የሚሆን ዘር» የሚባል ነገር የለም። ከታች ቆላው የበቀለ ዱባ ከላይ ደጋው ላይ ሳያፈራ ውርጭ ይመታዋል። ከላይ የኖረ ጎመን ከታች ቶሎ ያብባል። በልጉም አንድ ዓመት መጥቶ ሌላ ዓመት የሚቀር ነው። ይህን ሁሉ አስልቶ የያዘው ዘሩ ራሱ ነው፤ በዚያው ቀበሌ፣ በዚያው ብርድና በዚያው ድርቅ ውስጥ ስንት ዓመት ተመርጦ የተረፈ ነውና።

መራጯ ደግሞ ሴቷ ናት። ማሳው በአባወራው ስም ሊጠራ ይችላል፤ ከቤቱ ጀርባ ያለችው፣ አመድና ፍግ የሚደፋባት ቁራሽ መሬት ግን የእሷ ናት። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ድንች፣ ዱባ፣ ቅል፣ ፌጦ፣ ሰናፍጭ፣ ድንብላል፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ጌሾ ከዚያ ይወጣሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በየረቡዑና በየዓርቡ ከሽሮው ጎን የሚቀርበውም ወጥ ከዚያ ነው።

የጎመን ዘር መያዝ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ጥሩው እግር ገና በለጋነቱ ይለያል፤ ክር ይታሰርበታል፤ ቅጠሉ አይቀነጠብም። ራብ ቢኖርም አይቀነጠብም። አብቦ ቀፎው ቢጫ ሲል፣ ሳይፈነዳና ሳይረግፍ ይታጨዳል፤ ጥላ ሥር በሰፌድ ይደርቃል፤ ይታሻል፤ ይበጠራል፤ በጨርቅ ይቋጠራል፤ እርጥበት በማያገኘው ቦታ ይሰቀላል። የዱባው ዘር ከጣፋጩ ዱባ ይለቀማል፤ ታጥቦ በአመድ ታሽቶ ይደርቃል። ነጭ ሽንኩርቱ ትልልቁ ተለይቶ ይጎነጎንና ይንጠለጠላል። የግብርና ኮሌጅ ይህንኑ ሥራ «የዘር መረጣ፣ የዘር ጥራትና የዘር ክምችት» ብሎ በሦስት ኮርስ ያስተምረዋል። እዚህ ስም የለውም፤ «የቤት ሥራ» ነው።

ከዚያ ልውውጡ አለ። «እማማ፣ የጎመን ዘር ይኖርዎ ይሆን?» ትላለች አዲስ ጎጆ የወጣች ልጅ። መልሱ በእፍኝ ይሰጣል፤ ደረሰኝ የለውም፤ ወለድ የለውም። ዋስትናው እሱ ነው። የአንዷ ዘር ቢጠፋ ከሌላዋ ይገኛል። ባንክ የሚባለው ነገር ሥራው ይህ ከሆነ፣ ላስታ ባንክ ነበራት።

ፓኬቱ ሲመጣ

በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው «የሌማት ትሩፋት» ዋና ትኩረቱ ወተት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋ፣ ማርና ዓሣ ነው፤ የቤተሰብ ጓሮም ከዚያ ወዲህ ከባለሥልጣን አፍ አልጠፋም። ረድኤት ድርጅቶች ደግሞ ከዚያም በፊት ጀምሮ፣ ድርቅ ወይም ጦርነት ባለፈ ቁጥር፣ የአትክልት ዘር ያድላሉ። ሐሳቡ ደግ ነው። የተፈናቀለች ሴት በሁለት ወር ውስጥ ቅጠል እንድትበላ ማድረግ የሚናቅ ነገር አይደለም።

ፓኬቱ ውስጥ ያለው ግን ምንድን ነው? ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም። አብዛኛው ከውጭ የገባ ነው፤ ጽሑፉም ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። አንዳንዱ ዲቃላ ዘር ነው። አንዳንዱ ዲቃላ ባይሆንም፣ ተቀባይዋ ዘሩን መልሳ እንዴት እንደምታገኝ ማንም አይነግራትም።

እዚህ ላይ በየቻናሉ የሚዞረውን ወሬ ማረም ያስፈልጋል። ዲቃላ ዘር መርዝ አይደለም። ዘረመሉ በላቦራቶሪ የተለወጠ ማለትም አይደለም። «መካን ነው፣ አይበቅልም» የሚባለውም ስህተት ነው፤ ይበቅላል። ሁለት ንጹሕ መስመሮች ተዳቅለው የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ ነው፤ ለዚህም ነው ሁሉም እኩል የሚያድገውና እኩል የሚያፈራው። ችግሩ ልጁ እናቱን አለመምሰሉ ነው። ከእሱ የተለቀመ ዘር በሁለተኛው ዓመት ይበታተናል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ የሚያፈራ፣ አንዱ ቅጠል ብቻ። ስለዚህ ገዢዋ በየዓመቱ ትመለሳለች። ለኩባንያ ይህ ንግድ ነው፤ ነውርም የለበትም። ለእርዳታ ፕሮግራም ግን ነውር ነው።

ካሮትና ጥቅል ጎመን ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሥርና ቅጠል ይሰጣሉ፤ ለማበብ የብርድ ወቅት ማለፍ አለባቸው። ካሮቱ ገና ሳያብብ ተነቅሎ ይበላል ወይም ለሆቴል ይሸጣል። ሴቲቱ የካሮት ዘር ምን እንደሚመስል የምታውቀው ከፓኬቱ ብቻ ነው። ካሮት ከየት ይመጣል ብትባል «ከቢሮ» ብትል አይፈረድባትም።

ሪፖርቱ ይህን አያይም። «ይህን ያህል አባወራ የጓሮ አትክልት ጀመረ፣ ይህን ያህል ኪሎ ዘር ተሠራጨ» ይላል። «በሁለተኛው ዓመት ከራሷ ቋጠሮ የዘራች ስንት ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ሪፖርት ብርቅ ነው። የሚጠየቀው ሥርጭት ስለሆነ የሚሠራውም ሥርጭት ነው።

ዋጋውም አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። ከውጭ የሚገባ ዘር በዶላር ነው የሚገዛው። በጨርቅ የተቋጠረው የጎመን ዘር ግን የዶላርን ወሬ አልሰማም።

ዘር የተበላበት ዓመት

ወሎ ይህን ትምህርት ለመማር ውድ ዋጋ ከፍላለች። በ1965 እና 66 ዓ.ም. ራብ፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ራብ፣ ቤተሰቡ መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ነገር ዘሩ ነበር። ዘር የበላ ቤት ዝናብ ሲመለስም ቁጭ ብሎ ያያል። የእርዳታ ስንዴ ነፍስ ያቆያል እንጂ የላስታን ማሳ አይመልስም፤ ከሌላ አየር ንብረት የመጣ ዘር እዚህ ብርድ ላይ ሲዘራ ላያፈራ ይችላል።

ይህን ቀድመው የተረዱ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውን የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል፣ የዛሬውን የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት መነሻ፣ ለረጅም ዓመታት መርተዋል። የእሳቸው ቁም ነገር ዘርን ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት ብቻ አልነበረም። ከ1977ቱ ራብ በኋላ ከካናዳ አጋሮች ጋር በተጀመረው «ሲድስ ኦፍ ሰርቫይቫል» በተባለው ፕሮግራም፣ ነባር ዘሮች በወሎና በሸዋ ገበሬዎች ማሳ ላይ ተመልሰው እንዲዘሩ፣ እንዲመረጡና እንዲባዙ አደረጉ። ለገበሬው ከውጭ ዘር ማምጣት ሳይሆን የገበሬውን ዘር ለገበሬው መመለስ ነበር ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራቸው ነው። ዓለም የሸለመውን ሐሳብ የራሱ አገር የእርዳታ ፓኬት ረስቶታል።

«ያ የድሮ ነው፤ ገበሬ ስለ ዝርያ ምን ያውቃል?» ለሚል፣ መልሱ ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ በመቄት ወረዳ ገረገራ እና በትግራይ ሐገረ ሰላም 400 የዱረም ስንዴ ዓይነቶች በሙከራ ማሳ ተዘሩ። አብዛኛዎቹ ከጂን ባንኩ የወጡ የገበሬ ዘሮች ነበሩ። 60 ገበሬዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ እያንዳንዱን ዘር እያዩ ነጥብ ሰጡ። ሳይንቲስቶቹ ደግሞ በሜትርና በሚዛን ለኩ። የገበሬዎቹ ነጥብ ከንቱ ግምት ሳይሆን በዘረመል ደረጃ ሊተነተን የሚችል እውቀት ሆኖ ተገኘ፤ ከነባሮቹም መካከል ከተሻሻሉት ዝርያዎች የበለጡ ነበሩ። ይህ ለስንዴ የተደረገ ነው። ለላስታ ጓሮ ጎመን፣ ለዱባውና ለነጭ ሽንኩርቱ እንዲህ ያለ ማሳ መቼ ይዘጋጃል?

መልሱ የታወቀ ነው። የመንግሥት የዘር ድርጅቶች ሥራቸው በዋናነት ስንዴ፣ በቆሎና ጤፍ ነው። አትክልት ለአስመጪ ተትቷል። አስመጪው ደግሞ የሚያስገባው ትርፍ ያለውን ነው፤ የሀበሻ ጎመን ዘር የሚሸጥ ኩባንያ አምስተርዳም ውስጥ የለም። ስለዚህ የሴቶቹ ዘር በሁለት ወንበር መካከል ወደቀ፤ ለመንግሥት ትንሽ ነው፣ ለነጋዴ ርካሽ ነው።

መንገድ ሲዘጋ

የላሊበላ የመጨረሻዎቹ ዓመታት የዘር ጉዳይ የቅንጦት ወሬ አለመሆኑን ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ መጣና በቱሪስት ስትኖር የነበረች ከተማ በአንድ ወር ጭር አለች። አስጎብኚው፣ አልጋ አከራዩ፣ በቅሎ ጫኙ፣ ለሆቴል ሰላጣ የምታቀርበው ሴት አብረው ገቢ አጡ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደረሰ፤ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበለች። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የክልሉ ግጭት መንገዱን ሲከፍት ሲዘጋ ኖሯል።

መንገድ ሲዘጋ ፓኬት አይመጣም። ባንክ ሲዘጋ ዘር አይገዛም። ባለሙያው ወደ ቀበሌ አይወጣም፣ ሪፖርቱም አይጻፍም። በዚያን ቀን ጓሮ ያለውና ጓሮ የሌለው የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ ዘር አለ ወይስ የለም? ፓኬት ስትቀበል የኖረች ሴት ባዶ መደብ ይዛ ትቀራለች። ጎመን የቋጠረችው ትዘራለች።

«ዘሩን በማዕከል ማስቀመጥ ይሻላል» የሚል ካለ፣ የስሪንቃን ታሪክ ይስማ። ለሰሜን ወሎና ለአካባቢው ዝርያ ሲያወጣ የኖረው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ ጦርነት ጉዳት ደርሶበታል። ማዕከል ያስፈልጋል፤ ያለ ማዕከል ሳይንስ የለም። ግን አንድ ማዕከል ሲመታ አንድ ትልቅ ክምችት ይመታል። በርግጥ የተቃጠለ ቤትም ከነዘሩ ይቃጠላል። ልዩነቱ፣ በየጎረቤቱ ተካፍሎ የተቀመጠ ዘር ሁሉ በአንድ ቀን አለመቃጠሉ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው በጀት አለው፣ ሌላኛው ስም እንኳ የለውም።

ጎመኑ አውሮፕላን ሲያበር

ስም የለሹ ዘር ዋጋ ቢስ አይደለም። ዋጋውን ሌሎች ያውቁታል።

የሀበሻ ጎመን በዓለም የዕፅዋት ሳይንስ «የኢትዮጵያ ሰናፍጭ» ተብሎ ይጠራል። ዘሩ ዘይት አለው፤ ገበሬው ራሱ «ጎመን ዘር» ብሎ ለዘይቱ ያመርተዋል። ከዚህ ተክል ዘይት በተሠራ ነዳጅ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 በካናዳ ጄት አውሮፕላን በረረ፤ ነዳጁ መቶ በመቶ ከዚሁ ተክል ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ደግሞ የአውስትራሊያው ኳንታስ አየር መንገድ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልበርን ሲበር ከነዳጁ 10 በመቶ ያህሉ በዚሁ ዘይት ተቀላቅሎ ነበር። በላስታ «የጾም ወጥ» የሚባለው ነገር ሌላ ቦታ ውቅያኖስ ያሻግራል።

የወሎ ማሽላም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም የተሰበሰቡ 9 ሺህ ያህል የማሽላ ዓይነቶችን ፈትሸው፣ ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ክፍል እጅግ የበለጸጉ ሁለት ዓይነቶች አገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ነበሩ፤ ሥራቸውም ወሎ። የወሎ ገበሬ ግን ላቦራቶሪ ሳይኖረው ለእንዲህ ያለው ማሽላ ስም አውጥቶለት ነበር፤ «ወተት በጉንጬ»። ምግብነቱን በስሙ ጽፎታል።

ጤፍም ትምህርት ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር የተዋዋለ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2007 በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ ፓተንት አገኘ፤ ኩባንያው ከስሮ ሲዘጋ ፓተንቱ ግን በሌሎች እጅ ቀረ። የሔግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ በኔዘርላንድ ዋጋ የለውም ያለው በ2018 መጨረሻ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ኢትዮጵያ በራሷ እህል ላይ ባዕድ ነበረች።

ከእነዚህ ታሪኮች «ሰረቁን» የሚል ለቅሶ ብቻ ማውጣት ስንፍና ነው። ዋናው ትምህርት ሌላ ነው፤ ዋጋ ያገኘው የመዘገበው፣ የለካውና ያባዛው ነው። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 482 የጀነቲክ ሀብትን፣ የማኅበረሰብ እውቀትንና የማኅበረሰብ መብትን በሕግ ደንግጋለች። ሕጉ አለ። ግን ሕግ የሚጠብቀው የታወቀን ነገር ነው። የላስታ ጓሮ ውስጥ ምን እንዳለ ካልተመዘገበ፣ መብቱ በወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ቋጠሮ ነው፤ ውስጡ ባዶ።

ተቃውሞው፣ አንድ በአንድ

የመጀመሪያው ተቃውሞ ምርት ነው። «ዲቃላ ቲማቲም ብዙ ያፈራል» ይባላል። እውነት ነው። በቆቦ ሜዳ በመስኖ ለገበያ የሚያመርት ሰው፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ካለው፣ ዲቃላ መግዛቱ ስሌት ነው፤ ማንም ሊከለክለው አይገባም። የላስታ ጓሮ ግን ሌላ ስሌት አለው። ውኃው ከእጅ መታጠቢያ የተረፈ ነው፤ ማዳበሪያው አመድ ነው። እዚያ የሚፈለገው ዘር በመጥፎ ዓመትም ቢሆን የሆነ ነገር የሚሰጥ ነው።

ሁለተኛው በሽታ ነው። «በቤት የተያዘ ዘር በሽታ ያስተላልፋል» ይባላል። ይህም እውነት ነው። የጎመን ጥቁር ብስባሽ በዘር ይተላለፋል፤ የድንች ቫይረስና አጠውልግ በዘር ድንቹ ይተላለፋሉ። መልሱ ግን ዘር መያዝን መተው አይደለም፤ ከታመመ እግር አለመያዝን፣ በደንብ ማድረቅን፣ የድንች ዘርን በየጥቂት ዓመቱ ማደስን ማስተማር ነው። እናቶች ወተት አበላሽተው ቢናጡ «ወተት ተዉ» አይባልም፤ «ዕቃው ይታጠን» ነው የሚባለው።

ሦስተኛው «ሴቶቹ ራሳቸው ፓኬቱን ይፈልጉታል» ነው። ይፈልጉታል፤ ካሮት ይሸጣል፣ ሰላጣ ሆቴል ይወስደዋል። ግን ምርጫ የሚባለው ሁለቱም ሲኖሩ ነው። አንደኛው በነፃ በመኪና እየመጣ፣ ሌላኛው «ኋላ ቀር» እየተባለ፣ ሴቲቱ መረጠች ማለት ቀልድ ነው።

አራተኛው ከባዱ ነው፤ «የአገር ዘር በነበረበት ዘመንም ሰው በራብ አልቋል።» አዎ፣ አልቋል። ዘር ዝናብ አያዘንብም፤ ጦርነትንም ክፉ ፖሊሲንም አያስቆምም። ጎመን ብቻውን አገር አድኖ አያውቅም። ዘር የሚያደርገው ከክፉው ዓመት ማግስት መነሻ መሆን ነው። ያን መነሻ አውቆ መጣል ግን በራብ ላይ ራብ መጨመር ነው።

አምስተኛው ከሌላ ወገን ይመጣል። «የአባቶቻችን ዘር ብቻ፤ ባዕድ ዘር ይውጣ» የሚሉ አሉ። እነሱም ተሳስተዋል። በርበሬ፣ ድንች፣ ዱባ፣ ቲማቲም መነሻቸው አሜሪካ አህጉር ነው። ዛሬ ያለ በርበሬ «የሀበሻ ወጥ» ማን ያስባል? የሀበሻ ያደረጋቸው ደም አይደለም፤ ሴቶች ዘራቸውን እየለቀሙ፣ እየመረጡና እየተካፈሉ በዚህ አፈር ላይ ማልመዳቸው ነው። ጎመኑም ቢሆን በተፈጥሮ የሁለት ዘመዳሞች፣ የጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን፣ ድብልቅ ነው፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1935 ሳይንስ አረጋግጧል። የዛሬው ባዕድ ካሮት የነገ የላስታ ካሮት መሆን ይችላል፤ ዘሩ እዚህ መያዝ ከጀመረ። ስለ ንጹሕ ዘር የሚጮኸው ፖለቲካ ከጓሮው ቢማር ይህን ይማር ነበር፤ ዘር የሚኖረው ሲካፈሉት ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ለእርዳታ በሚታደል ማንኛውም የአትክልት ዘር ላይ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ «ከዚህ ዘር መልሶ መያዝ ይቻላል» ወይም «አይመከርም»። ለቤተሰብ ጓሮ የሚሰጠው ደግሞ ራሱን የሚተካ ዘር ይሁን። ዲቃላ የፈለገ ገበያ አለለት።

ሁለተኛ፣ ለእርዳታ ዘር የሚመደበው ገንዘብ ከፊሉ ላስታ ውስጥ ይውጣ። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ላይ ፌጦ፣ ድንብላልና የጎመን ዘር ይዘው የሚቀመጡ ሴቶች አቅራቢ ናቸው። በ2005 ዓ.ም. ወጥቶ የነበረው የዘር አዋጅ ቁጥር 782 ገበሬዎች ከራሳቸው ማሳ የያዙትን ዘር እርስ በርስ እንዳይለዋወጡና እንዳይሸጡ አልከለከለም። አለመከልከል ግን አንድ ነገር ነው፤ ማገዝ ሌላ ነው። የብቃት ፈተናው ቀላል ሊሆን ይችላል፤ መቶ ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ ይደረግ፣ ከበቀለው ይቆጠር። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ብርዱ ሀብት ይሁን። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት ለማበብ ብርድ ይፈልጋሉ፤ ደጋው ብርድ አለው። «አዳማ ቀይ» የተባለው ሽንኩርት በመልካሳ ምርምር ማዕከል ወጥቶ ዘሩ እዚሁ አገር ውስጥ ሲባዛ ስንት ዓመቱ ነው። ለሥራ አጥ ወጣት ማኅበራት ከሚሰጠው ዶሮና ሞተር ጎን፣ በደጋው ላይ የአትክልት ዘር ማባዛት ለምን አይሞከርም?

አራተኛ፣ ይመዝገብ። ስሪንቃና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻቸውንና ባለሙያዎቻቸውን ይዘው በየቀበሌው ምን ዓይነት ጎመን፣ ዱባ፣ ነጭ ሽንኩርት እንዳለ፣ ማን እንደያዘው፣ ምን ስም እንዳለው ይጻፉ። ናሙናው በማኅበረሰቡ ስም ወደ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይግባ። የገባው ዘር ደግሞ በክፉ ቀን ወደ ቀበሌው የሚመለስበት መንገድ ከአሁኑ ይጻፍ፤ ዘር ገብቶ የማይወጣበት ባንክ መቃብር ነው።

አምስተኛ፣ ሪፖርቱ ይቀየር። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጨመር፤ «ዘንድሮ የዘራችው ከራሷ ዘር ነው ወይ?» ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ የፕሮግራሙ ግማሽ ይስተካከላል፤ ባለሙያ የሚሠራው የሚጠየቅበትን ነውና።

ከእነዚህ ውስጥ ትልቅ በጀት የሚፈልግ የለም። የሚፈልጉት፣ በጨርቅ የተቋጠረን ነገር እንደ ሀብት ማየት ነው። ያን ሀብት የያዙት ሴቶች ደግሞ እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸው ወደ ከተማና ወደ አረብ አገር እየሄዱ ነው። አንዲት አሮጊት ስትሞት የትኛው ጎመን ውርጭ እንደሚችል፣ የትኛው ዱባ እስከ ፋሲካ ሳይበላሽ እንደሚቆይ የምታውቀው አብሯት ይቀበራል። ቋጠሮው ከተረፈ በሌላ ሰው እጅ ይዘራል፤ ለረጅም ዓመታት ከተረሳ ግን ብዙው ዘር አይበቅልም። የሽንኩርት ዘርማ አንድ ሁለት ዓመት ካለፈው ተስፋ የለውም። ጊዜ የለም የሚባለው ለዚህ ነው።

ዘር የቆጠረ ተጣላ፤ ዘር የቋጠረ ግን ሰነባበተ። አገሪቱ ዘር ሳትቆጥር መዋል ካልቻለች፣ ቆጠራው ከላስታ ግድግዳዎች ይጀመር፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ ይፈታ፣ ይመዝገብ፣ ለጎረቤት ይካፈል፣ ከዚያ መልሶ ይቋጠር።